በወንበር የወረደው ግፊት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ ከባሕሩ ከማወጣው ዓሣ ሁሉ አጥንቱ ብቻ ይድረሰኝ፤ ጣሪያዬ ላይ የዘነበው ዝናብም ወደ ጎረቤቴ ታንከር ይግባ። ከዚህ በላይ ምን ልማል? ያላመነኝ ደሴታችን ፉናፉቲ ድረስ መጥቶ እማማ ኦሌፓን ይጠይቅ። ጃንጥላቸውን ይዘው ከመጡ ግን ራቅ ብሎ ይጠይቅ።

ሳይረኑ ሲጮኽ ሴሉታ የአያቷን ክንድ እየጎተተች ነበር። አያቷ አባባ ፓናፓሲ ደግሞ ማኮብኮቢያው መሀል ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ።

«አባባ፣ አውሮፕላኑ ደረሰ! ይነሱ እንጂ!»

«ይምጣ። ወንበሩን አልቀማሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር አሴናቲ የአባባን የደም ግፊት ለክታ የላይኛው መቶ ሰባ አራት፣ የታችኛው ዘጠና ስምንት ሲሆንባት «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር ይሂዱ» ብላ አዘዘቻቸው። በደሴቲቱ ላይ ሳይቆሙ ግማሽ ሰዓት የሚኬድበት ቦታ ያው ማኮብኮቢያው ነው። አውሮፕላን በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚመጣ በቀረው ጊዜ ኳሱም፣ ሶምሶማውም፣ ሐሜቱም እዚያው ነው። አባባ ትእዛዙን ተቀብለዋል፤ ግን በራሳቸው መንገድ። ሃምሳ እርምጃ ሄደው ይቀመጣሉ። አርባ ሄደው ይቀመጣሉ። ወንበሩን የምትሸከመው ሴሉታ ስለሆነች ስፖርቱን የሠራችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። በአሥራ አራት ዓመቷ እንደዚያ ያለ ጡንቻ ያላት ሴት ልጅ በደሴቲቱ ላይ አልነበረችም።

የእሳት አደጋው መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ መጣና በድምፅ ማጉያ ጮኸባቸው። «አባባ ፓናፓሲ! ፓይለቱ እየጠየቀ ነው! በእርስዎ ጉልበት ላይ ይረፍ ወይስ ወደ ፊጂ ይመለስ?»

አጥሩ ጋ ቆሞ የነበረው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ሳቅ አይወዱም፤ በተለይ የሌላ ሰው ሳቅ። ተነሡና ሮጡ። ከመርከብ ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሮጠው አያውቁም ነበር፤ ሴሉታ ወንበሩን በጭንቅላቷ ደፍታ ከኋላ ከኋላቸው ተከተለች። እግራቸው ሣሩን ሲነካ የአውሮፕላኑ ጥላ በላያቸው አለፈ። ጥላው ባርኔጣቸውን ነጥቆ ወሰደው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ንፋሱ ነው እንጂ።

ማኮብኮቢያው ዳር ካለ ዛፍ ሥር የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ጠረጴዛ ዘርግተው ግፊት ይለኩ ነበር። የአውሮፕላን ቀን ሰው ሁሉ እዚያ ስለሚሰበሰብ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም ብለው ነው። አንዲት ልጅ አባባን ገና እያለከለኩ ያዘቻቸውና መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች። ማሽኑ ነፋ፣ ነፋ፣ ነፋና ተነፈሰ።

«መቶ ዘጠና ስድስት በመቶ አራት!» አለች ልጅቷ፤ ጮክ ብላ።

አባባ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ከወንበሩ ላይ ተነሡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ አልነበረም። ድል ነበር።

«ሰማችሁ? ቁጭ ስል መቶ ሰባ አራት የነበርኩ ሰው፣ ስሄድ መቶ ዘጠና ስድስት! ገዳዩ እግር ነው ስል ማን ሰማኝ?»

«ጉድ!» አለ አንዱ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ሌላው፤ በሕይወቱ ምንም ነገር ጠርጥሮ የማያውቅ ሰው።

ሲስተር አሴናቲ ከወዲያ ጫፍ እየተጋፋች መጣች። «ኧረ ሮጠው እንደመጡ አይለካም! መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይረፉ…» ማንም አልሰማትም። የአውሮፕላኑ በር ተከፍቶ ስለነበር ሕዝቡ ሁሉ ወደዚያ ዞሯል።

ሴሉታም ዞረች። የሚመጡትን ለማየት አልነበረም፤ የሚሄዱትን ነው። የአበባ ጉንጉን በራሳቸው ላይ፣ የዛጎል ሐብል በአንገታቸው ላይ አድርገው የሚያለቅሱ ሰዎች በተራ ይወጣሉ። በመጋቢት በዚያው የአውሮፕላን ደረጃ ወጥታ ወደ ኦክላንድ የሄደችው ሳይኒ ናት። ከሴሉታ ጋር ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረው የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። አሁን በዴስኩ ላይ የሴሉታ ቦርሳ የሳይኒን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። አስተማሪውም አንሺው አላላትም።

*

የሴሉታ እናት ኦክላንድ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። የሰው አባት ታጥባለች፣ የሰው እናት ታበላለች፤ የራሷን አባት ለልጇ ትታ። የሴሉታ ሴት አያት ከሁለት ዓመት በፊት ከውኃ ታንከሩ አጠገብ በስትሮክ ወድቀው አልተነሡም። እሳቸውም «ደህና ነኝ፣ ራሴን ትንሽ አሞኝ ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ እናቷ በስልክ የምትናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«የላይኛው ቁጥር ከመቶ አርባ በታች ይውረድልኝ፤ ወርዶም ይቆይ። አጎትሽ ለገና ከመርከብ ይመለሳል፣ እሱ አብሯቸው ይሆናል። ያኔ አንቺን አስመጣሻለሁ። እንዲያ ባለ ግፊት ግን አባባን ለአጎትሽ ጥዬ አንቺን አልወስድሽም። ገባሽ የኔ ቆንጆ?»

«ገብቶኛል።»

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

ከዚያ መስመሩ ይንጫጫና ይቆረጣል። ሴሉታ ስልኩን ይዛ ትንሽ ትቆያለች፤ ተመልሶ ይደወል እንደሆነ ብላ። አይደወልም።

በአውሮፕላኑ ቀን ማግስት ሲስተር አሴናቲ በሞተር ሳይክሏ ቤት ድረስ መጣች። ትንሽ የግፊት መለኪያና አንድ ደብተር ይዛለች።

«አባባ፣ ትናንት የታየው ቁጥር የሩጫ ቁጥር ነው፤ የእርስዎ አይደለም» አለች። «መርከብ ላይ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ቧንቧው ይወጠር የለ? የሰው ልብም ሲሮጡ እንደዚያው ነው፤ ግፊቱ ይወጣል። ሲያርፉ ቧንቧው ይላላል፣ ይወርዳል። ይህን በየቀኑ ሲደጋግሙት ልብ ይጠነክራል፣ የደም ቧንቧውም ይለሰልሳል። ከታዘዘልዎት ኪኒን ጋር ነው ታዲያ፤ ኪኒኑን ትተው አይደለም። ጨውና የቆርቆሮ ሥጋም ይቀንሱ።»

«መቼ ነው የሚወርደው? ቅዳሜ?»

«ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ይሄዳል» አሉ አባባ። «ከዚያ ዶሮ ሆነ ተብሎ ይታረዳል።»

ሲስተር ሳቀችና ደብተሩን ለሴሉታ ሰጠቻት። «ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት። እግር መሬት ይንካ፣ ጀርባ ይደገፍ፣ አምስት ደቂቃ ዝም። ሁለቴ ትለኪና ትጽፊያለሽ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ደብተሩን አያለሁ። አደራሽን።»

አምስት ደቂቃ ዝም ማለት ለሴሉታ ቀላል ነበር። ሳይኒ ከሄደች ወዲህ ሙሉ ቀን የቻለችው ነገር ነው። ለአባባ ግን ከመሄድም ይከብድ ነበር።

*

በሦስተኛው ጠዋት ማሽኑ መቶ ሰባ ስድስት አለ።

«ስንት?» አሉ አባባ።

«መቶ ሰባ ስድስት በዘጠና ስምንት።»

«መቶ ሠላሳ ስምንት በይው።»

ሴሉታ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አባባ ግን አልሳቁም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው የሚናገሩት።

«ደብተሩ የሚሄደው ሲስተር ጋ ነው። ከሲስተር ወደ እናትሽ። እናትሽ ትኬት ትቆርጣለች። አንቺ ትሄጃለሽ፣ እኔ እቀመጣለሁ። ማን ተጎዳ?»

«አባባ…»

«የአውሮፕላን ቀን ፊትሽን የማላይ ይመስልሻል? ሽማግሌ ነኝ እንጂ ዓይነ ስውር አይደለሁም። ጻፊ።»

ብዕሩን ያዘች። መቶ ብላ ጻፈችና ቆመች። ከዚያ ሠላሳ ስምንትን ጨመረችበት። ጣሪያው አልወደቀም። ጎረቤት ያለው አሳማም እንኳ ዞሮ አላያትም።

የመጀመሪያው ከበደ፤ የቀሩት እንደ ጨዋታ ሆኑ። ማሽኑን ማብራት ተዉት። አባባ ጠዋት ሻያቸውን እያማሰሉ እንደ ሙዚቃ አቀናባሪ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጥር ያወጣሉ። «ዛሬ መቶ ሠላሳ አራት። አይ፣ ቆይ፣ ትናንት ሠላሳ ስድስት ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ ሰባት አድርጊው። ሁልጊዜ የሚወርድ ነገር ያስጠረጥራል።» ሲስተርም ደብተሩን ስታይ ቅንድቧ ትንሽ ተነሣ፤ ግን ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋው በር ላይ ደርሶ ነበርና «ጎበዝ፣ ቀጥሉበት» ብላ መለሰችላት።

እናቷ ስትሰማ በስልኩ ውስጥ ጮኸች። «ተመስገን! ተመስገን! የታኅሣሥ የአውሮፕላን ቦታ እይዝልሻለሁ!» ሴሉታ እናቷ እንደዚያ ስትጮኽ ሰምታ አታውቅም። በዚያው ቀን ዜናውን ለሳይኒ ብትጽፍላት የድምፅ መልእክት ገባላት። ከወራት ወዲህ የሳይኒ መልእክት ሁሉ አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል ነበር። ይኼኛው ሦስት ደቂቃ ነው።

«አቦ ሴሉ! የምርሽን ነው? እንዴት ፈታ እንደምንል! እዚህ ብርዱ ሌላ ነው፤ ጥርስሽ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ትምህርት ቤት ገና አልለመድኩም፣ ምሳ የምበላው ሽንት ቤት አጠገብ ባለው ደረጃ ላይ ነው፣ ግን አንቺ ከመጣሽ ሁለት እንሆናለን፣ አይደል?»

ሴሉታ ሰባት ጊዜ ሰማችው። በሰባተኛው ላይ ሳይኒ ደረጃው ላይ ብቻዋን መቀመጧን ነው የሰማችው፤ ከዚያ በፊት ብርዱን ብቻ ነበር የሰማችው።

*

ውሸት ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አባባ ፓናፓሲ ግን መልካም ዜና ይዘው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ እንደቆመ፣ «መቶ ሠላሳ ስድስት» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ምን አድርገህ?»

«ወንበር!»

በሳምንቱ መጨረሻ ማኮብኮቢያው ዳር ላይ አሥራ አንድ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ሴሉታ ቆጥራለች። ብቻዋን ልትንሸራሸር ወጥታ ነው ያየችው። ድሮ በዚያ ሰዓት ወዲያና ወዲህ የሚሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሁሉ ፊልም እንደሚያይ ሰው ቁጭ ብለው ባሕሩን ያያሉ። መሀል ላይ እማማ ኦሌፓ አሉ፤ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። እማማ ኦሌፓ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ቢሆን ፀሐይ ቢሆን፣ የማኮብኮቢያውን ጫፍ በቀን ሁለት ጊዜ ደርሰው የሚመለሱ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ ዛሬ አይሄዱም እንዴ?»

«የት ልድረስ ብዬ? አያትሽ ቁጭ ብሎ መቶ ሠላሳ ስድስት ገባ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ጉልበቴን ጨርሼ መቶ አርባ ስምንት ላይ ነኝ። ሞኝ ነበርኩ ልጄ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኪኒኑንም ተወው አሉ። እውነት ነው? እኔም ልተወው እያልኩ ነው፤ ሆዴን ይረብሸኛል።»

ሴሉታ ወደ ቤት ሮጠች። የራሷ ልብ ግፊት ግድ አልሰጣትም።

የኪኒኑ ማሸጊያ ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልተነካ።

«አባባ! ኪኒኑን ለምን አይወስዱም?»

አባባ የቆርቆሮ ሥጋ በሩዝ እየበሉ ነበር። «ደብተሩ መቶ ሠላሳ አራት ይላል። ጤነኛ ሰው ኪኒን ይውጣል?»

«ደብተሩን እኮ የጻፍነው እኛ ነን!»

አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ይመስል ነበር። «አዎ» አሉ። «ግን አንቺ ስትጽፊው፣ በዚያ ቆንጆ ጽሕፈትሽ… እውነት ይመስላል።»

ሴሉታ ማሽኑን አወጣች። አቧራ ይዞታል። እግራቸውን መሬት አስነካች፣ ጀርባቸውን አስደገፈች፣ አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ታንከሩ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማ ነበር።

መቶ ሰማንያ ስምንት በመቶ ስድስት።

«እንግዲህ መቶ ሠላሳ…» ብለው ጀመሩ አባባ፤ ከዚያ ፊቷን አዩና አልጨረሱትም።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ትንሽ» አሉ። «ትንሽ ነው።»

ሴሉታ ይህን ቃል ከዚህ በፊት የት እንደሰማችው ታውቃለች። አባባም ያውቃሉ።

ክሊኒኩ አጠገብ ነው፤ ለሴሉታ ግን ያን ቀን ደሴቲቱ ረዝማ ነበር። ሲስተር አሴናቲ በር ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ ስትወጣ ደረሰችባት። ደብተሩን ዘረጋችላት።

«ከዚህ ገጽ ጀምሮ ያለው ሁሉ ውሸት ነው። ዛሬ መቶ ሰማንያ ስምንት ነው። ኪኒን ትተዋል። ራሳቸውን ያማቸዋል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።» ሌላ ስም አልጨመረችም።

ሲስተር ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። ቁልፉን ኪሷ ከታ ሞተር ሳይክሏን አስነሣች። «ከኋላ ውጪ። አጥብቀሽ ያዢኝ።»

አባባ ያን ምሽት ሐኪም አያቸው፤ ኪኒኑም ተለወጠላቸው፤ ሦስት ቀንም ክሊኒክ ተኙ። በአራተኛው ቀን ሲስተር አሴናቲ «ወንበር ያስቀመጠ ሰው ራሱ ያንሣ» አለቻቸው። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ አባባ ከእሳት አደጋው መኪና ድምፅ ማጉያውን ተውሰው ወንበሮቹ ፊት ቆሙ። ይህንን ደሴቲቱ ሁሉ ሰምታለች።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ። መቶ ሠላሳ ስድስት አልነበርኩም። ወንበሩ ዋሽቷል።»

«ወንበሩ?!» አሉ እማማ ኦሌፓ እየተነሡ። «ወንበሩ ነው ምላስ ያለው? አንተ አሮጌ ብሎን! ጉልበቴን አሳርፈህ ልትቀብረኝ!» ጃንጥላቸውን እንደ ጦር ሰብቀው ተነሡባቸው። አባባም ሸሹ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ሩጫ አልቻሉም፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ነበር። እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ ሄዱ፤ ተመለሱም። ያ ቀን አባባ ፓናፓሲ ሳይቀመጡ ግማሽ ሰዓት የሄዱበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ከሳቀው ሕዝብ መካከል ሴሉታ አልነበረችም። ቤት ሆና ከእናቷ ጋር በስልክ እያወራች ነበር።

የደብተሩን ነገር ሁሉ ነገረቻት። «እሺ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ስለነገርሽኝ እሺ።» ቀጥላም፣ «ትበያለሽ?» አለች።

«እበላለሁ።»

ለሳይኒም ጻፈችላት። ሳይኒ የተሰበረ ልብ ምልክት ላከች። ከዚያ ምንም የለም።

*

መሄድ አሰልቺ ነገር ነው። ተረት አይወጣውም። ያንኑ አስፋልት ሄደህ ያንኑ አስፋልት ትመለሳለህ። ሴሉታና አያቷ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ፀሐይ ስትቀዘቅዝ፣ ግማሽ ሰዓት ሄዱ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም አላወሩም። እሷ ትኬቱን ታስባለች፤ እሳቸውም እሷ የምታስበውን ያውቃሉ። ከኋላቸው እማማ ኦሌፓ ጃንጥላቸውን አስፋልቱ ላይ ቋ ቋ እያደረጉ ይመጣሉ። «ፍጠን ብሎን! ዛገህ?»

በአራተኛው ሳምንት አባባ ሳይጠየቁ ስለ መርከብ ማውራት ጀመሩ። ሰሜን ባሕር ላይ ሰባት ወር የቆዩበት ጊዜ ነበር። «ሠላሳ ሁለት ሰው ነበርን፤ የእኔን ቋንቋ የሚያውቅ ግን አንድም የለም። ምሽት ምሽት የመርከቡ ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ እል ነበር። እንዳላብድ።»

«ታዲያ መሄድ ይችሉ ነበር ማለት ነው!»

«ብቻዬን ሆኜ ስሄድ ያንን ጊዜ ያስታውሰኛል» አሉ። «ለዚህ ነው ወንበሩ።»

ሴሉታ እርምጃዋን ከእሳቸው እርምጃ ጋር አስተካከለች።

ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ወረደ፤ ግን እንደ ጨዋታው ጊዜ አልወረደም። መቶ ሰባ ሁለት። መቶ ስድሳ አምስት። አንድ እሑድ በግብዣ ላይ የቆርቆሮ ሥጋ በዝቶ ነበርና መቶ ሰባ። እንደገና መቶ ስድሳ። መቶ ሃምሳ ሦስት። ሲስተር አሴናቲ ደብተሩን ስታይ «ብዙውን ያወረደው ኪኒኑ ነው፤ የቀረውን እግርዎ ነው» ትላለች። አባባ «እግሬ ይበልጣል» ይላሉ። እንደዚያ እንደዚያ እያለ ታኅሣሥ መጣ።

እናቷ ደወለች። ድምፅዋ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፤ ሙሉ ብርጭቆ እንደሚሸከም ሰው። «አንድ ቦታ አለ። ነገ ጠዋት ለኪና የወጣውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ከመቶ አርባ በታች ከሆነ እይዘዋለሁ። ካልሆነ… የሚቀጥለው መቼ እንደሚሆን አላውቅም፣ የኔ ልጅ። እውነቱን ነው የምነግርሽ።»

ጠዋት አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ሴሉታ ቁልፉን ተጫነች። መቶ አርባ አራት። ጠብቃ ደገመችው። መቶ አርባ ሁለት።

«መሀሉ?» አሉ አባባ።

«መቶ አርባ ሦስት።»

አባባ ወደፊት ጎንበስ አሉ። በዚህ ጊዜ በመስኮት አላዩም፤ ፊት ለፊት ነው ያዩዋት።

«ስሚኝ። ያኔ ስህተት ነበር፤ ያኔ አልሄድም ነበር፣ ኪኒንም ትቼ ነበር። አሁን ግን እሄዳለሁ። ብትሄጂም እሄዳለሁ፤ ያቺ ባለ ጃንጥላ መቼ ታስቀምጠኛለች? አጎትሽም በገና ይመጣል። አራት ቁጥር ምንድን ነው? ማሽን ነው፣ አራት ይሳሳታል። ዛሬ አንድ ቀን ብቻ። ማንም አይጎዳም።»

እውነት ነበር። ማንም አይጎዳም ነበር። ሴሉታ አሰበችው፣ ገለበጠችው፣ ጥፋቱን ፈለገችበት፤ አላገኘችበትም። ሳይኒ ደረጃው ላይ ምሳዋን ይዛ ታየቻት። የእናቷ ድምፅ፣ ያ «ተመስገን» ያለችበት ድምፅ፣ ጆሮዋ ውስጥ አለ። እናቷ አሁን ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች፤ ሴሉታ የምትጽፈውን ማንኛውንም ቁጥር ታምናለች።

ብዕሩን ከፈተች።

መቶ አርባ ሦስት ብላ ጻፈች። ቀኑን ጻፈችበት። ፎቶ አንሥታ ላከችው። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

አባባ ሻያቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት፤ ጠጣችው። ስኳሩ በዝቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳይረኑ ጮኸ፣ አውሮፕላኑ መጣ፣ ሰዎች ተሳፈሩ፣ ሄደ። ሴሉታ በዚያ ቀን አጥሩ ጋ አልሄደችም። ድምፁ እስኪጠፋ በር ላይ ቆመች፤ ከጠፋም በኋላ ቆመች። ስልኳ አልጮኸም ነበር። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች።

«አባባ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ደክሞሽ እንደሆነ ዛሬ ብቻዬን እችላለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። እና አብራቸው ወጣች።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ፈጥሬያለሁ፤ ሳልናገር ብሄድ ይቆረቁረኛል። መቶ አርባ ሦስት የሚለውን ቁጥር ነው። ትክክለኛውን የሚያውቁት አባባ፣ እናትየዋና ሲስተር ናቸው፤ ሴሉታንም ብጠይቃት «የሰው ግፊት ምን ያደርግልሃል?» ብላኝ ሄደች። ስለዚህ ከመቶ አርባ ትንሽ አለፍ ያለ አንድ ቁጥር ራሴ አወጣሁ። ልጅቷ ግን ደብተሩ ላይ እውነተኛውን ነው የጻፈችው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።